ያቋረጥኳቸው ተማሪ

አሶሳ ለማስተማር ተመድቤ ከመጣሁ ሁለተኛ ክረምቴ ነበር። የተከራየኋት ክፍል ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አይሰማም፤ ቢሰማም የማወራው ሰው አልነበረኝም። ከሰው ጋር የምነጋገረው መማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር፤ በክረምት ዲግሪ ለመያዝ ለሚመጡ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ፍልስፍና አስተምር ነበር።

አንድ ጠዋት ስለ ሰው ልጅ ታላቅነት፣ ራስን ስለ ማሸነፍ አስተማርኩና «ታላቅ የምትሉት ሰው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከሸርቆሌ የሚመጡ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ በበርታ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ መምህር ተነሡ።

«እናቴ ትልቅ ሰው ነው» አሉ። «ራሱን አሸነፈ። አጎቴ ሲታመም እሱ…»

«‹ናት› ይበሉ እንጂ!» አልኳቸው። «እናትዎን ወንድ አደረጓቸው እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቀና አላሉም።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን ቀሩ። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሸርቆሌ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ልመለስ፣ አልመለስ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር።

ደጃቸው ላይ በቆሎ ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው።

«መምህር!» አሉ ደንግጠው። «እናቴ ታመመ፤ ለዚህ ቀረሁ።»

«በእኔ የተቀየሙ መስሎኝ ነበር።»

መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ አኖሩና «እሱም አለ» አሉ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ታሪኩን ነገሩኝ። አጎታቸው፣ አባታቸው እንደሞቱ እናታቸውን ከእርሻቸው ያባረረ ሰው ነበር። ኋላ ሽባ ሆኖ ሲወድቅ፣ ልጆቹ እንኳ ሲርቁት፣ ሦስት ዓመት ገንፎ ያጎረሱት፣ ገላውን ያጠቡት እኚያው እናታቸው ነበሩ።

«አጎቴ ይቅርታ አላለም» አሉኝ። «እናቴ የመጀመሪያ ቀን እያለቀሰ ሄደ። በንዴት። ግን ሄደ።»

እናታቸው ሲሻላቸው ሰውየው ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። ያን ጠዋት ክፍሉ ፊት ቆሜ «ባለፈው በእኚህ ሰው ላይ ሳቅሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ለዓመታት እንደ ቀላል ነገር ሳስተምረው የኖርኩት ራስን ማሸነፍ ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ማንም አልሳቀም። እሳቸው በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ትምህርቱ ገባን።

ከዚያ ወዲያ ወዳጅ የምንሆን መስሎኝ ነበር፤ አልሆንንም። ኮርሱ ያለቀ ዕለት ጨብጠውኝ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ መናኸሪያ ሄዱ። እኔም ምሳዬን ሰው ከሞላበት ምግብ ቤት ብቻዬን በላሁ።