ዘሃራን ተርብ የነደፋት ጊዜ

ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ዓረብ አገር፣ መዝረዓ ሰፈር በምሠራበት ቤት መስኮት ስከፍት አንዲት ተርብ በጆሮዬ ሥር አለፈች። ማዳሜ ድንጋጤዬን አይታ ሳቀች። እኔ ግን መስኮቱን መልሼ ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከወሎዋ ልጅ ከዘሃራ ጋር ባውሽሪዬ የሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር። ሁለታችንም ከአሠሪዎቻችን ጠፍተን፣ ያለ ወረቀት ቤት እያጸዳን እንኖራለን። በለስ በየጋሪው የሚሸጥበት የበጋው ማብቂያ ነው። ዘሃራ የአንዲት ባልቴት በረንዳ ስታጥብ የመስኮቱን መዝጊያ ብትስበው፣ ከኋላው የተርብ ቤት ኖሮ መንጋው ፊቷንና ክንዷን ወሮ ነደፋት።

«ሆስፒታል ከሄድኩ ይይዙኛል። ኸላስ፣ በቃ፣ ይሻለኛል» አለችኝ።

እኔም ፈሪ ነበርኩና እሺ አልኳት። ይህን እሺታዬን እስካሁን አልረሳሁትም። በማግስቱ ሽንቷ እንደ ቡና ጠቆረ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ያኔ ደግፌ ታክሲ ውስጥ አስገብቼ ሆስፒታል ወሰድኳት። ባልቴቷም ሰምተው እያለከለኩ መጡና «ኃላፊነቱ የኔ ነው» ብለው ፈረሙላት።

ሐኪሙ መርዙ ጡንቻዋን እንደጎዳው፣ ኩላሊቷም ሥራ እንዳቆመ ነገረኝ።

«ኩላሊቷ እስኪነቃ ድረስ ማሽን ደሟን ያጥብላታል» አለ።

«ካልነቃስ?»

ወደሚቀጥለው ታማሚ አለፈ።

በየሁለት ቀኑ ደሟ በቀጭን ቱቦ እየወጣ፣ በማሽኑ እየተጣራ ይመለሳል። ሲበርዳት ከሳብራ ገበያ የገዛሁትን ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ። ውሃ የተፈቀደላት በልክ ነው፤ ስለዚህ ስለ መንደሯ ምንጭ እያወራች ትጠማለች፣ እየተጠማች ታወራለች። እኔ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግላታለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ገና በሩን ስከፍት ጮኸች።

«አልሐምዱሊላህ! አንቺ፣ ሸናሁ እኮ!»

እልልታዬን አቀለጥኩት። ልትቆጣ የመጣችው ነርስ ነገሩን ስትሰማ አቀፈችኝ።

ዘሃራ ድና አገሯ ገባች። «ነይ፣ አብረን እንግባ» ብትለኝ «ትንሽ ልሥራና» አልኳት። ይኸው ሽበት አወጣሁ። ለበዓል ትደውላለች፤ ልጆቿ ይንጫጫሉ፣ ወሬያችን ቶሎ ያልቃል። ለሰው ቢነገር ነውር ይመስላል እንጂ፣ የሚናፍቀኝ ያ የጭንቅ ጊዜ ነው። ደሟ እስኪታጠብ አራት ሰዓት ሙሉ እጄን ጭምቅ አድርጋ ትይዘኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲያ የያዘኝ ሰው የለም።