አልጋ ስር የነበረው ተከራይ

«ያ የጥግ ቤት ሐበሻ ባንኳኳ፣ ባንኳኳ አይከፍትም» ይሉኛል ሐጂ፣ በአገራችን ባጃጅ የምንላት ረክሻዬ ላይ ተቀምጠው። የሰፈራችንን የውሃና የዘበኛ መዋጮ በየወሩ ቤት ለቤት የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው። የሚያሙት እኔኑ ነው፤ ሳይነጋ ስለምወጣ መልኬን አያውቁትም።

«ዛሬ ካልከፈለ ውሃውን አስቆርጥበታለሁ። ወደሱ ንዳ።»

ብልጥ ነኝ ብዬ፣ መንገድ ተዘግቷል በሚል ሰበብ በሰሊጥ ገበያው በኩል አዞርኳቸው። እንዳይጠረጥሩኝ ደግሞ አብሬ ራሴን መስደብ ጀመርኩ።

«እሱ እኮ ሐጂ፣ ሐፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። ትናንት እርስዎ ሲያንኳኩ አልጋ ስር ተጋድሞ ይስቅ ነበር።»

ሐጂ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«በል አንተ ጎረምሳ፣ የረክሻውን ሂሳብ ከመዋጮህ ላይ ቀንሼልሃለሁ። ቀሪውን ቤትህ ሄደን ትሰጠኛለህ።»