ሞተራችንን ከጉርሻ ያዳኑት ጋሽ ጀማል

ጠዋት ተደውሎ «ጋሽ ጀማል አረፉ» ሲሉኝ «የትኛው ጀማል?» አልኩ። አዳማ ውስጥ ጀማል ሞልቷል፤ እግዜር ሌላውን ያድርገው ብዬ ነው። የሌሎቹን ጀማሎች ቤተሰቦች በይፋ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አልሆነም። የኛው ናቸው።

ለማታውቋቸው፦ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደ አዲስ የሚጠቀልሉ፣ ከአርሲ መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ነበሩ። ዱከም ፋብሪካ ድረስ ይጠሩ ነበር። የእናቴ ወፍጮ ቤት ሲገቡ ግን መጀመሪያ ሰላም የሚሉት እናቴን ሳይሆን ሞተሩን ነው። መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳርፈው «አካም ቡልቴ?» ይሉታል፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ቀጥለው የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጭጭ ይላል። ሐኪም ቤት እንኳ እንዲህ የተከበረ ሕመምተኛ አላየሁም።

«ምን ይላል?» ትላለች እናቴ።

«ትንሽ አኩርፏል።»

ከእናቴ ከእትዬ አስካለ ቤት እንግዳ ሳይጠግብ ወጥቶ አያውቅም። ሞተሩም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። አንድ የፋሲካ ሰሞን፣ የሰፈሩ በርበሬ ሁሉ ደጃችን ተሰልፎ ሳለ፣ ያለን አንድ ሞተር ጋለ። እሱ ቆመ ማለት ቤታችን ቆመ ማለት ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። ጋሽ ጀማል መጥተው የኩሽኔታውን ክዳን ሲፈቱ ግራሶው እንደ ለጋ ቅቤ ተዘረገፈ።

«እትዬ አስካለ፣ በቀን ስንቴ ነው የሚያበሉት?»

«ኧረ ምን አበላሁት! ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ።»

«አያጉርሱት። እንግዳ አይደለም።»

«ታዲያ ሲሠራ የሚውል ጦሙን ይዋል?»

«ግራሶ የሚሰጠው እንዲንሸራተት ነው እንጂ እንዲዋኝ አይደለም። ሲበዛበት ራሱ ይግላል፤ አልፎም ሽቦው ውስጥ ይገባና ያበላሸዋል።»

ትርፉን ጠረጉ። በሞተሩ ክንፎች መሀል የተጋገረውን ዱቄት በብሩሽ አራግፈው አየር አስገቡለት። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን፣ ከልክ በላይ የተወጠረውን ቺንጋ አላሉት። በርበሬው ተፈጨ፣ ሰፈሩም በሰላም አስነጠሰ። ከዚያ ወዲህ «አያጉርሱት» የቤታችን መመሪያ ሆነ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የሰውዬው እንጀራ የተቃጠለ ሞተር ነው። የሬሳ ሣጥን ሻጭ ስለ ጤና ሲመክር አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላስችል ቢለኝ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ጀማል፣ ሰው ሁሉ ምክርዎን ቢሰማ ምን ሊበሉ ነው?»

«አይዞህ፣ ሰሚ የለም» አሉኝ።

ቀጥለው ደግሞ፦ «ሞተር ሲቃጠል ብቻውን አይመጣም። ከኋላው ባለቤቱ ፊቱን ጥሎ ይከተላል። ሽቦውን እጠቀልለዋለሁ፤ ፊቱን ምን አደርገዋለሁ?»

 

ዛሬ እናቴ ወፍጮ ቤቱን ዘግታ ለቅሶ ልትሄድ ነጠላዋን እያጣፋች «ሞተሩን ነገ ሳስነሳው ደህና መሆኑን ማን ይነግረኛል?» አለችኝ። 

ጋሽ ጀማል፣ አላህ ጀነት ያግባዎት። ነገ ጠዋት እኔና እናቴ ሞተሩ አጠገብ ቆመን ድምፁን እንሰማለን። ምኑ ጤና፣ ምኑ ሕመም እንደሆነ ገና አናውቅም፤ እንሳሳትም ይሆናል። መማራችን ግን አይቀርም። እርስዎ እያሉልን እኮ ማን ይማር ነበር።

ደህና ይረፉ።