ከቡቺ የተረፉት ክኒኖች

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሁን ዐርባን ተሻግሬያለሁ፤ ግን ሰው "ለጉልበት የሚሆን መድኃኒት ታውቂያለሽ ወይ?" ሲለኝ ዛሬም ወሬ እቀይራለሁ።

እኔና እናቴ የምንኖረው መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ፣ ስድስት አባወራ በሚጋራው ግቢ ነው። ቡቺ የሚባል ሽማግሌ ውሻ ነበረኝ። የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ሲሉት የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሙ ክኒኑን በወረቀት ፖስታ አድርጎ፣ "ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ" ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። ሌላ ጽሑፍ የለበትም።

ክኒኑ ሳያልቅ ቡቺ ሞተ። አልቅሼ ሸኘሁት፤ ፖስታውን መጣል ግን አልሆነልኝም። መርካቶ አድጎ መጣል የሚያውቅ ማን አለ? የተጣመመ ምስማር እንኳ ምን አለሽ ተራ ገዢ አያጣም። በግቢያችን ደግሞ የተረፈ መድኃኒት ከቤት ቤት ይዞራል፤ የአንዱ ልጅ የሳል ሽሮፕ ለሌላው ልጅ ይደርሳል።

አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ሲያሹ አየሁና አንጀቴ አልችል አለ። ፖስታውን አመጣሁላቸው።

"የማን ነው?" አሉኝ።

የውሻ ነው ብላቸው እንደሚጸየፉት አውቃለሁ። "የዘመድ ነው፣ ከውጭ የመጣ" አልኳቸው።

"ከውጭ ከሆነማ ሁለት ሁለት ልዋጠው። የአገር ውስጡን ይሄ ጉልበቴ ንቆታል" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በአራተኛው ቀን አስመለሳቸው። ያስመለሱት የቡና አተላ የመሰለ ነበር። በላዳ ይዤያቸው ሆስፒታል በረርኩ። ሐኪሟ ምን ወስደው እንደነበር ስትጠይቅ፣ እትዬ ዘነበች በደከመ ድምፅ "እሷ ታውቀዋለች፣ ከውጭ የመጣ ነው" አሉ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ ደግማ ጠየቀች።

"የውሻዬ ነው" አልኩ።

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሆዳቸው ውስጥ ደምቶ ነበር፤ ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ። በኋላ ለቡቺ ሐኪም ብነግረው፣ "ምነው የተረፈውን እኔ ጋ ብትመልሺው? እኛ እናስወግደው ነበር እኮ" አለኝ። ይመለሳል ብዬ አስቤም አላውቅ።

እትዬ ዘነበች አልተጣሉኝም። ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከእጄ የወጣ ነገር አይቀምሱም፤ ለበዓል የላክሁላቸው ድፎ እንኳ ሳይቆረስ ተመልሷል። አልፈርድባቸውም። ያን ቀን እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ተቆጥተውኝ፣ ሰድበውኝ፣ ነገሩ እዚያው በራፉ ላይ ያልቅ ነበር። ይሄ ነው የሚቆጨኝ።

ከሆስፒታል የወጡ ዕለት እናቴ እኔን አንድ ቃል ሳትናገረኝ ፍራሿን ተሸክማ እሳቸው ቤት ገባች። ሦስት ሳምንት እዚያው አደረች። ልብሳቸውን አጠበች፣ አጥሚት አፈላች፤ በሰጠቻቸው ቁጥር መጀመሪያ እሷ ቀመሰችላቸው።