ዳገቱን የወጣችው ባቡር

የአባባ፣ የእናቴ አባት፣ አርባቸው ወጣ። እሳቸውን ሳስብ ግን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቅ ነው።

ባቡር ወደ አቃቂ መምጣት ካቆመ በኋላ፣ የባቡር ጡረተኛው አባባ ሳሎናችን ውስጥ የራሳቸውን ትንሽ ባቡር ዘረጉ። ሐዲዱ የጣውላ ዳገት ነበረው። ሎኮሞቲቯ ታዲያ ፉርጎዎቹን ስትጎትት፣ ዳገቱ መሐል ጎማዋ ባዶውን እየተሽከረከረ እዚያው ትቀራለች። «ጉልበትስ አላት፤ ሐዲዱን መቆንጠጫ ነው ያጣችው» ይሉ ነበር ሁልጊዜ።

እኔን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ቀን፣ አባባ ዳገቱ ሥር ተንበርክከዋል።

«ኧረ እንግዶቹ ቆመዋል፤ ይነሱ እንጂ!» አሉ እማማ፣ ባለቤታቸው፣ በኀፍረት።

«ይህቺ ሳትወጣ ስለ ሠርግ አላወራም!»

ጓዳ ሆኜ ይህን ስሰማ በበሩ ብቅ ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ቃሊቲ ሱቅ ያላቸው የእጮኛዬ አጎት፣ የቁልፍ እስራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሎኮሞቲቯ ጀርባ ላይ ጫኑት። «ቀልላ እኮ ነው፤ እስቲ ትንሽ ትክበድ» አሉ።

ጎማዋ ሐዲዱን ያዘ። ፉርጎዎቹን አስከትላ ቀስ እያለች ጫፍ ወጣች።

አባባ ብድግ ብለው ሰውየውን አቀፏቸው። «አያችሁ? ልጅቷን ውሰዱ፤ ቁልፉ ግን ይቆይ!»

በማግስቱ እርሳስ አቅልጠው ሎኮሞቲቯ ሆድ ውስጥ ከተቱና ቁልፉን መለሱ።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ባቡሯን አስነሳት። ዳገቱን ስትወጣ ሁላችንም አጨበጨብን። «አያችሁ?» የሚል ሰው ግን አልነበረም።

እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እስቲ ድገማት» አሉ።