ማንም የማይገባበት የሽንት ቤት ሰልፍ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቆቦ ውስጥ፣ ከሆቴሉ ጓሮ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የሒሳብ መምህር፤ ከሆቴሉ ፊት ለፊት የሚሠራው ልብስ ሰፊ፤ ሽማግሌው የሆቴሉ ዘበኛ፤ ኋላም የጤና ጣቢያዋ ሲስተር። ባለሆቴሏ ውስጥ ስለነበሩ አልቆጥራቸውም።

ሆቴሉ ዋይፋይ ነበረው። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ሻይ ላዘዘ ነው። እኛ አንድ ጊዜ አዘዝን፤ ስልካችን ቃሉን ይዞት ቀረ። ባለሆቴሏ ግን “ሳያዝዝ የሚጠቀም ካየሁ እቀይረዋለሁ” ብለው ምለዋል። ስለዚህ ኔትወርኩ ግድግዳውን አልፎ የሚወጣበትን ቦታ በእርምጃ ለካሁት፦ ከውሃ በርሜሉ በስተግራ፣ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው እርምጃ። እዚያ ያለው የአካባቢው ሱቆች ሁሉ የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ብቻ ነው። ሰው ያለ ምክንያት ሽንት ቤት በር ላይ አይቆምምና ተሰለፍን። ከልቡ የቸኮለ ሲመጣ “ይቅደሙ፣ ይቅደሙ” እንላለን። በዚህ ትሕትናችን ወራት ኖርን።

ያን ቀን መምህሩ የመጣው ለልጁ ነው። ሚስቱ ጎጃም ወልዳ ቪዲዮ በቴሌግራም ልካለታለች። እሱ “መልኳን ሳላይ ስም አላወጣም” ብሏል፤ አማቱ ደግሞ እስከ ማታ ካላወጣ እኔው አወጣለሁ ብለዋል። ፓኬጅ ገዝቶ ሞክሮ ነበር፤ እስኪያልቅበት ድረስ ያየው አንድ ብዥ ያለ ቀይ ነገር ነው።

“ልጄ ትሁን የቆቦ ቲማቲም፣ መለየት አልቻልኩም” አለኝ።

በፀሐዩ ስክሪኑ ስለማይታየን ስልካችንን ሆዳችን ላይ ለጥፈን፣ ጎንበስ ብለን ነበር የቆምነው። ለካ ዘበኛው ከሩቅ ይታዘቡናል። ጥቂት ቆይተው ሲስተርን ይዘው ከች አሉ።

“እነዚህ ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ይውላሉ። ሐፍረት ይዟቸው እንጂ እንዲህ ታመው አይገቡም?”

ሲስተር ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠውን ኦአርኤስ በጆግ ይዛለች። “ኑ፣ ሁላችሁም ወደ ጤና ጣቢያ!”

ቪዲዮው ሰባ አንድ ፐርሰንት ላይ ነበር። መምህሩ አየኝ፤ ስልኩን በጀርባው በኩል አቀበለኝ።

“ሲስተር፣ መራመድ አልችልም። እዚሁ ልጠጣው።”

ሰባ ስምንት ላይ አንድ ኩባያ ጨረሰ። ሰማንያ አምስት ላይ ሁለት።

“ጨው ጨው ይላል።”

“ዝም ብለህ ጠጣ! የተማረ ሰው አይደለህ እንዴ?”

ልብስ ሰፊው “እኔን ተሽሎኛል” ብሎ ወደ በርሜሉ ሸሸ፤ ከሦስተኛው እርምጃ አልፎ ከኔትወርኩ ስለወጣ ያወርደው የነበረው ዘፈን ተቋረጠበት። ዘጠና ሰባት ላይ ጆጉ አለቀ። ሲስተር ሌላ ዱቄት ከፍታ እንደገና በጠበጠች፤ መምህሩ እንደገና ጠጣ።

መቶ ሲሞላ ድምፁን ሳልቀንስ ነካሁት። እጄ ላይ ሕፃን አለቀሰች።

ዘበኛው ሦስታችንንም በተራ አዩን። “ይሄስ የማን ሆድ ነው?”

መምህሩ ስልኩን ነጠቀኝ። እየሳቀ ዓይኑን ይጠርጋል። ሲስተር ነገሩ ሲገባት ጆጉን ቁጭ አደረገች። ልትሰድበን አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ወደ ስክሪኑ አሰገገች።

“እስኪ ጥላ አድርግባት። አፍንጫዋ ቁርጥ አንተን! ዱቄቴን ግን ትመልሳታለህ።”

“ማሻአላህ፣ አላህ ያሳድጋት” አሉ ዘበኛው። “ባለሆቴሏ ካልጠየቁኝ አልናገርም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።”

መምህሩ እዚያው ደውሎ ለሚስቱ የልጃቸውን ስም ነገራት። ስልኩን ሳይዘጋ ፊቱ ተለወጠ። ሰልፉ ላይ በቆምንባቸው ወራት ሁሉ ከእኛ መካከል የምሩን የገባ ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። “ይቅደሙ” አልነው።

እኔ የቆጠርኩት ሰባት ኩባያ ነው፤ ልብስ ሰፊው ዘጠኝ ይላል። ሲስተር ይህን ካነበበች የጆጉን ልክ ትንገረን። በማግስቱ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ አገኘነው፤ ባለሆቴሏ ጠይቀው ይሁን ሳይጠይቁ፣ እዚያ የነበረና የሚያውቅ ይጨምርበት።