በግፊ የምትነሳው የክቡርነታቸው መኪና

ሰፈሩ የልብስ ሰፊዋን ባል «ክቡርነታቸው» የሚላቸው ሥልጣን ኖሯቸው አይደለም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ማዕረጉን ያገኙት ያቺን አሮጌ የናፍጣ መኪና የገዙ ዕለት ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንገታቸው ቀና፣ ሰላምታቸውም በመስኮት ብቻ ሆነ።

መኪናዋ ግን ሞተሯ ከቀዘቀዘ ያለ ግፊ ወይ ፍንክች! የገፊዎቹ ቦታ እንደ ገበታ ተደልድሎ ያለቀ ነው፤ ሚስት በቀኝ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆች መሃል፣ አማትየው ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በግራ። ክቡርነታቸው ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው መሪ ይይዛሉ። «መሪ የሚይዝ ሰው የግድ ነው» ይላሉ፣ ሌላው እጅ የሌለው ይመስል። ጥቁሩን ጭስ የሚጠጣው እንግዲህ ከኋላ ያለው ነው።

ልብስ ሰፊዋ በዚያው ጥላሸት የደንበኛዋን የሙሽራ ቀሚስ ያበላሸች ዕለት በቃኝ አለች።

«ወይ ትሸጣታለህ፣ ወይ ብቻህን ትገፋታለህ።»

«እኔ ከገፋሁ መሪውን ማን ሊይዝ?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

ገዢ ተገኘ፤ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር። ክቡርነታቸው በማለዳ ቤተሰቡን አስገፍተው ሰፈሩን ዞር ዞር አሉና ሞተሯን ትኩስ አድርገው ደጅ አቆሟት። ሲገዟትም ሻጩ እንዲሁ አሙቆ ነው የሸጠላቸው። ከመታለላቸው የተማሩት ማታለሉን ብቻ ነው።

መምህሩ መጥተው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ።

«ሞቃለች እኮ!»

«ጠዋት ጉዳይ ቢጤ ነበረችኝ፣ መምህር።»

«ግድ የለም፣ እስክትቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ምን ሥራ አለኝ?»

ገብተው ተቀመጡ፤ ሻይ ተፈላ። ክቡርነታቸው ስለ መኪናዋ ጨዋነት እያወሩ በየመሃሉ በመስኮት ኮፈኑን ያያሉ፣ በዓይን የሚሞቅ ይመስል። ሚስት ግን በልቧ ትለምናለች። ፀሐዩ ጠንከር ሲል፣ በስንት አንዴ፣ መኪናዋ በቁልፍ ብቻ የምትነሳበት ቀን አለ። ዛሬ ከተነሳች ተገላገለች።

ከሰዓት መምህሩ ኮፈኑን ዳስሰው «አሁን ደህና» አሉ። ክቡርነታቸው መኪናዋ ውስጥ ገቡና በሩን ገጭ አደረጉት።

ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። ቁልፉ ገና ሳይዞር፣ ማንም ምንም ሳይል፣ ልጆቹ ከመሃል፣ አማትየው ከዘራቸውን ሸጉጠው ከግራ፣ መሸጧን ከሁሉ አብልጣ የምትፈልገው ሚስትም ከቀኝ፣ ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ከኋላ ለጥፈዋል። ምን እንዳደረገች የገባት ቀና ስትል ዓይኗ ከመምህሩ ዓይን ጋር ሲጋጭ ነው።

«ዕድሜ ልኬን ቡድን ሳሠለጥን እንዲህ ያለ አሰላለፍ አላየሁም!» አሉ መምህሩ። «አምበሉ እርስዎ ነዎት፣ እማማ?»

«ምን ያስቀልድዎታል?» አሉ አማትየው። «ከቆሙ አይቀር ይግፉ!»

መምህሩ እየሳቁ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ክቡርነታቸው በመስኮት ጮኹ፦ «ጉድ ሠራችሁኝ! ልትነሳ ትችል ነበር እኮ!»

«እስቲ አዙረው» አለች ሚስት።

አዞሩት። መኪናዋ ጉንፋን እንደያዘው ሰው እህህ አለችና ጸጥ።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ጠረገች፣ በሩን ከፈተች። «ውረድ።»

«መንዳት መች ትችያለሽና?»

«አንተስ መች ትችላለህ? ስንነዳህ ነው የኖርነው።»

ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ያያል። ክቡርነታቸው ግራ ቀኙን አዩና ወረዱ። ልጆቹና አማትየው እንደ እንግዳ ከኋላ ገብተው ተደላደሉ። ደግነቱ መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ባልየው ትከሻቸውን ሰጥተው፣ እያለከለኩ፣ አንድ ሁለቴ እያዳለጣቸው ገፉ። የማርሹን ነገር ከኋላ ሆና ስትሰማ የኖረችው ሚስት ፍሪሲዮኑን ለቀቀችው። ሞተሩ ጓ አለ፤ ያ ጥቁር ጭስ ነጩን ሸሚዝ ከነባለቤቱ ዋጠው።

እሷ ቁልቁለቱ ሥር አቁማ ጠበቀቻቸው፤ ሲደርሱባት መስኮቱን ዝቅ አደረገች፣ አንገቷንም ቀና።

«እንደምን ዋሉ፣ ክቡርነትዎ?» አለቻቸው።